ብሩ ጨመረ፣ ሰው ቀነሰ፦ የደብረ ማርቆስ የሲኒማ ትኬት ጉዳይ

በደብረ ማርቆስ ፊልም የሚያሳይ አዳራሽ ሒሳብ ያዡና በር ጠባቂው አይስማሙም። ሒሳብ ያዡ «የትኬት ገቢው ከዓመት ዓመት ጨምሯል» ይላል። በር ጠባቂው «ሰው የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ ብር ይቆጥራል፣ ሌላው ሰው ይቆጥራል፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ ያስተያየ ግን የለም። አዳራሹ ዋጋ ይጨምር ወይስ ይቀንስ፣ ፊልም ማሳየቱን ይቀጥል ወይስ ለስብሰባና ለሠርግ ብቻ ይከራይ የሚለው ክርክር መቋጫ ያጣውም በዚህ ነው። አዳራሹን በስም አንጠራውም፤ ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፣ በፍኖተ ሰላምም በባሕር ዳርም ያለ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። «እንበል» እያልን የምናመጣቸው የወንበር፣ የዋጋና የተመልካች ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተያዙ ክብ ቁጥሮች ናቸው። የሕዝብ ቆጠራው፣ የግሽበቱ፣ የውጭ አገር ሲኒማው አኃዝና የበዓል ቀኖቹ ግን እውነተኛዎቹ ናቸው።

ፊልም በዓባይ በረሃ ሲወርድ

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ1987ቱ ቆጠራ 49,297፣ በ1999ኙ ደግሞ 62,497 ሰው ነበራት። በዚያው በ1990ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፤ ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሄድበት የሚፈልግ ወጣት መጣ። በቪዲዮና በዲጂታል ካሜራ የሚቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች የበዙትም በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱ መገጣጠማቸው ለአዳራሾቹ ትልቅ ሲሳይ ነበር። ከዚያ በፊት የከተማው ሰው ፊልም የሚያየው በአብዛኛው በቪዲዮ ቤት፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ፣ የህንድና የድብድብ ፊልም ወይም በአማርኛ ተራኪ የተጫነበት ትርጉም ፊልም ነበር።

አዲስ ፊልም ወደ ጎጃም ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። የፕሮዲውሰሩ ወኪል ሀርድ ዲስኩን ይዞ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ብሎ ይገባል። ፊልሙን ራሱ ይከፍታል፣ በር ላይ ቆሞ ትኬት ያያል፣ ሲያልቅ ራሱ ነቅሎ ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ቅጂ እንዳይወጣና የገባው ሰው ቁጥር እንዳይደበቅበት ነው። ታዲያ የወኪሉ ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ አዳራሹ ሞላም ባዶ ሆነም አይቀንስም። ትኬቱ 100 ብር ነው እንበል፤ ቫት (15 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ) ተነሥቶ የቀረውን አዳራሹና ፕሮዲውሰሩ እኩል ቢካፈሉ ለፕሮዲውሰሩ ከአንድ ትኬት የሚደርሰው 43 ብር ከ48 ሳንቲም ነው። ጉዞው 6,000 ብር ከፈጀ 138 ሰው ወኪሉን ማመላለሻ ብቻ ይሆናል፤ ፕሮዲውሰሩ ማትረፍ የሚጀምረው ከ139ኛው ተመልካች ነው። ትንንሾቹ ከተሞች ከፊልም መንገድ ቀድመው የሚወጡት ሰዉ ፊልም ስለሚጠላ አይደለም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ያን ያህል ሰው የሚያስገባ አዳራሽ ስለሌላቸው ነው። የትራንስፖርት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ያ መነሻ ቁጥር ሽቅብ ይሄዳል፣ መንገዱም ያጥራል።

እዚህ ላይ ብዙ አዳራሾች የሚሳሳቱበትን የቫት ስሌት እናንሣ። አዳራሹ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ በ100 ብር ትኬት ውስጥ ያለው ቫት 15 ብር አይደለም። 100 ለ1.15 ሲካፈል 86.96 ይሆናል፤ ቫቱ 13.04 ነው። ክፍፍሉ ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። ውሉ ላይ «ከትኬት ሽያጭ ግማሽ በግማሽ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈና ፕሮዲውሰሩ ከመቶው ላይ 50 ከወሰደ ግን ቫቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው አዳራሹ ነው፤ እጁ ላይ የሚቀረው 36.96 ብቻ ይሆናል። በአንድ ትኬት ከ6 ብር በላይ የሚጠፋው በአንድ ቃል ጉድለት ነው። ውሉ «ቫት ከተቀነሰ በኋላ» ይበል።

ብር ብቻውን አይመሰክርም

ኢትዮጵያ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2020 አማካይ ግሽበት 20.4፣ የ2021 26.8፣ የ2022 33.9፣ የ2023 30.2 በመቶ ነበር። ብዙ ሰው እነዚህን ደምሮ «111 በመቶ ጨመረ» ይላል። አይደመሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚወጣው። 1.204 በ1.268፣ በ1.339፣ በ1.302 ሲባዛ 2.66 ይመጣል። በ2019 50 ብር የነበረ ትኬት ዋጋው እንዳይወድቅ በ2023 133 ብር መሆን ነበረበት ማለት ነው። በመደመር የሄደ ሰው 106 ይለዋል፤ 27 ብር ተሳስቷል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። ድሮ 50 ብር ከፍሎ በአንድ ዙር በአማካይ 200 ሰው ይገባ ነበር እንበል፤ 10,000 ብር። ኋላ ትኬቱ 100 ብር ሆነ፣ የሚገባውም 130 ሰው። ገቢው 13,000 ነው። መዝገቡ 30 በመቶ ዕድገት ያሳያል፣ አለቃም ይደሰታል። ነገር ግን ሰው በ35 በመቶ ቀንሷል። 13,000ው ለ2.66 ሲካፈል ደግሞ በድሮው ብር 4,887 ነው፤ የገቢው የመግዛት አቅም ከግማሽ በታች ወርዷል። በዚያ ብር የሚገዛው ናፍጣ፣ የፕሮጀክተር መብራትና የሠራተኛ ደመወዝ ግን ከግሽበቱ ጋር አብሮ ወጥቷል። አዳራሹ «እያደገ» የሚከስረው እንዲህ ነው።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል። በአሜሪካና በካናዳ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2002፣ 1.57 ቢሊዮን ያህል ትኬት ተሸጦ 9.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገኘ፤ የአንዱ ትኬት አማካይ ዋጋ 5 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነበር። በ2018 ገቢው 11.9 ቢሊዮን ደርሶ «ክብረ ወሰን» ተባለ። የተሸጠው ትኬት ግን ወደ 1.3 ቢሊዮን ወርዶ ነበር። የ2002ቱ ገቢ በ2018 ዋጋ ሲሰላ 12.7 ቢሊዮን ስለሚሆን ክብረ ወሰን የተባለው ዓመት እንኳ በእውነተኛ ዋጋው ከፊተኛው ያንስ ነበር። የእንግሊዝ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል፦ በ1946 1 ቢሊዮን 635 ሚሊዮን ጊዜ ሲኒማ የተገባበት አገር ቴሌቪዥን ቤት ለቤት ሲዳረስ በ1984 54 ሚሊዮን ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስክሪን ያላቸው አዳዲስ ሲኒማዎች ተሠርተው በ2019 176 ሚሊዮን ደርሷል። የድሮው ባይመለስም፣ አዳራሹ ሲሻሻል ሰው ሊመለስ እንደሚችል ያሳያል።

ሰውን መቁጠር

ለክርክሩ መፍትሔ የሚሰጠው ቁጥር የዓመት ገቢ ሳይሆን የወንበር አሞላል ነው፤ የገባው ሰው ለወንበር ብዛትና ለዙር ብዛት ሲካፈል ይገኛል። 400 ወንበር ያለው አዳራሽ በሳምንት 6 ዙር ቢያሳይ 2,400 መቀመጫ ለሽያጭ አቀረበ ማለት ነው፤ 600 ሰው ከገባ አሞላሉ 25 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ያስፈለገው አዳራሹ የሲኒማ ብቻ ስላልሆነ ነው። ስብሰባ፣ ምርቃትና ሥልጠና ቀኑን ይወስዱታል። በዓመት 200 ዙር የነበረው ወደ 110 ከወረደ ጠቅላላ ተመልካች መቀነሱ አይቀርም፤ ያ ግን ሰው ሸሸ ማለት ላይሆን ይችላል፣ በሩ ተዘግቶበት ነው። ሁለቱን የሚለየው አሞላሉ ብቻ ነው።

ቆጠራው አድካሚ አይደለም፣ ግን በየዕለቱ መሠራት አለበት። የትኬት ጥራዙ ተራ ቁጥር የታተመበት ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ዙር የተለየ ቀለም ይያዝ። ትኬት ሻጩ ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ሲዘጋ የመጨረሻውን ይጽፋል፤ ልዩነቱ የተሸጠው ነው። በር ላይ ትኬቱ ለሁለት ይቀደዳል፦ ግማሹ ለተመልካቹ፣ ግማሹ ተቆልፎ ወደሚቀመጥ ሣጥን። ፊልሙ ከተጀመረ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሦስተኛ ሰው በጎን በኩል እየሄደ በየረድፉ የተቀመጠውን ይቆጥራል። ሦስቱ ቁጥሮች በአንድ መስመር ይጻፋሉ፣ ወኪሉም ይፈርማል።

ሦስቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ እያንዳንዱ ልዩነት የራሱ ትርጉም አለው። የተሸጠው 180፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው 150፣ የተቀመጠው 182 ከሆነ በሩ ላይ ሳይቀደድ የታለፈ ትኬት አለ፤ ያ ሙሉ ትኬት ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል። የተሸጠውና ሣጥኑ 150 እኩል ሆነው የተቀመጠው 190 ከሆነ 40 ሰው በትውውቅ ገብቷል። የተሸጠው 180 ሆኖ የተቀመጠው 140 ከሆነ ደግሞ ጠይቁ፦ ሰዉ ገና እየገባ ነው ወይስ ድምፁ አልሰማ ብሎት ወጥቷል? በደብረ ማርቆስ ዓይነት ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ በትውውቅ መግባትን ማጥፋት አይቻል ይሆናል፣ መመዝገብ ግን ይቻላል። ነጭ ትኬት ያዙላቸው፤ ያለ ክፍያ የገባ ሰውም ተመልካች ነውና።

የድሮውን ዘመን ከመዝገብ መልሶ ለማግኘት ደግሞ ገቢውን በዚያ ጊዜው የትኬት ዋጋ ማካፈል ነው። ወጥመዱ ሁለት ዋጋ መኖሩ ነው። ፎቁ 60፣ ምድሩ 40 ከነበረ 12,000 ብር 200 ሰውም 300 ሰውም ሊሆን ይችላል። የጥራዞቹ ቀሪ ካልተጣለ መልሱ እዚያ አለ። የጀነሬተር ናፍጣ መዝገብም ስንት ዙር እንደታየ ይጠቁማል፤ ስንት ሰው እንደነበረ ግን አይናገርም።

አማካዩንም በጥንቃቄ ያዙት። አምስት ዙር 40፣ 55፣ 60፣ 70 እና 375 ሰው ካስገባ አማካዩ 120 ነው። ከአምስቱ በአራቱ ግን 120 ሰው አልነበረም፤ አንድ የተወደደ ፊልም ነው ያወጣው። መካከለኛው ቁጥር 60 ነው፤ የአዳራሹ የዘወትር ኑሮ እሱ ነው። በጀት በ60 ይያዝ፣ የ375ቱ ቀን እንደ በረከት ይቆጠር።

ሰው የት ሄደ?

ለአንድ አዳራሽ መጉደል አንድ ምክንያት መፈለግ ያሳስታል። ያም ሆኖ ምክንያቶቹ የተለያየ ሰዓትና የተለያየ ሰው ነው የሚወስዱት፤ ለይቶ ማየት የሚቻለውም በዚህ ነው።

ቅዳሜና እሁድ አመሻሽ ወንዱን ወጣት የሚወስደው ኳስ ነው። በዲኤስቲቪ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ከአዳራሹ ያነሰ ዋጋ ያስከፍላሉ። ይህ ሰው ከፍሎ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጦ ማየቱን አልተወም፤ ቤት ነው የቀየረው። እዚህ ላይ ብዙ አዳራሽ የማያስተውለው ነገር አለ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ዋና ጨዋታ በእነሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚጀምር ነው። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጨዋታ እኛ ጋ በ11 ሰዓት፣ በቀሪው ወቅት በ12 ሰዓት ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ በ11 ሰዓት የሚያሳይ አዳራሽ ሳያውቀው ግማሹን ጊዜ ከኳሱ ጋር ራስ ለራስ ይጋጠማል፣ ግማሹን ደግሞ ፊልሙ ሳያልቅ ሰው ይወጣበታል። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ቅዳሜን በ9 ሰዓት ተኩል መጀመር 2 ሰዓት ከግማሽ ይሰጣል፤ ፊልሙ ያልቃል፣ ኳስ ወዳዱም ይደርስበታል።

ማታ ቤት ያለውን ቤተሰብ የወሰደው የሳተላይት ቴሌቪዥን ነው። በኛ አቆጣጠር በ2008 ቃና ተከፍቶ በአማርኛ ድምፅ የተተካባቸው የቱርክና የሌላ አገር ተከታታይ ድራማዎች ሲጀምሩ፣ የማታው ሰዓት በብዙ ቤት ለድራማ ተያዘ። እናትና ሴት ልጅ አንዴ ከቤት ካልወጡ አባትም ወንድምም ብቻውን አይወጣም፤ አንድ ቤተሰብ ሲቀር የሚጎድለው አንድ ትኬት ሳይሆን አራት አምስት ነው። ትኬት ላይ ጾታ አይጻፍምና ይህን መዝገብ አያሳየውም። በየረድፉ የሚቆጥረው ሰው ሴቶችን ለብቻ ቢቆጥር ግን በሁለት ወር ውስጥ ይገለጣል።

ቀጥሎ ስልኩ መጣ። ፊልም ሚሞሪ ላይ የሚጭኑ ሱቆች ቀድመው ነበሩ፤ ዩቲዩብ ሲስፋፋ ግን ፕሮዲውሰሩ ራሱ ፊልሙን እዚያ ማውጣት ያዘ። ጥቅሙን አስሉት፦ ዩቲዩብ የሚከፍለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22, 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለፕሮዲውሰሩ ያው እይታ የሚያስገኘው ብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ ከደብረ ማርቆስ የሚደርሰው የትኬት ድርሻ ግን ያው ነው፣ የወኪሉ መጓጓዣ ደግሞ ተወዷል። ፊልሙ ከአዳራሽ ወደ ዩቲዩብ የሚወርድበት ጊዜ ካጠረ ተመልካቹ «ትንሽ ብጠብቅ በነፃ አየዋለሁ» ማለቱ አይፈረድበትም። ስለዚህ ውሉ ላይ ፊልሙ በዩቲዩብ የሚወጣበት ቀን መጻፍ አለበት፤ ይህን የማይጠይቅ አዳራሽ የሚገዛው የሰነበተ ዳቦ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በአዳራሹ አቅም የማይመለስ ነገር ደረሰ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ፣ ስብሰባ ተከለከለ፣ ተማሪውም ወደ ቤቱ ተላከ። ከዚያ ጦርነት፤ ሐምሌ 28, 2015 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በነሐሴ መጀመሪያም የሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ነበሩበት። እላፊው ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፊልም በ10 ሰዓት ተኩል ቢጀምር 12 ሰዓት ከ20 ላይ ያልቃል፤ ከከተማው ዳር የመጣ ሰው ባጃጅ ፈልጎ ቤቱ ለመግባት 40 ደቂቃ ብቻ አለው። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሣ 15 ደቂቃ ቢያልፍ 25 ይቀረዋል። ይህን የሚያስብ እናትና አባት ልጁን ወደ አዳራሽ አይልክም። መንገድ ሲዘጋም ወኪሉ በረሃውን አይሻገርም። በእነዚህ ወራት የታየውን ቁጥር ከሌላው ዓመት ጋር አወዳድሮ «ሰው ሲኒማ ጠላ» ማለት ትልቅ በደል ነው፤ ወራቱ በመዝገቡ ላይ ለብቻ ተሰምሮባቸው ከማወዳደሪያው መውጣት አለባቸው።

አዳራሹ ራሱ የሚያባርረው

በሐምሌና በነሐሴ ተማሪው አገሩ ሲገባ ተመልካች ይሳሳል። በዚያ ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ የሚለው አይሰማም፤ ኦፕሬተሩ ድምፁን ይጨምራል፣ ስፒከሩ ይቀደዳል፣ ከፊት የተቀመጠው ጆሮውን ይይዛል። ኮርኒስ የሌለው አዳራሽ በክረምት ዝናቡ ከሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ይልቅ ጠዋት በ4 ሰዓት ቢያሳይ ይሻለዋል።

ምስሉም እንዲሁ። የሲኒማ ስክሪን ሊኖረው የሚገባ የብርሃን ድምቀት በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። 6 ሜትር ስፋት ያለው ስክሪን 20 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ የፕሮጀክተሩ ጠቅላላ ብርሃን 3,000 ሉመን ከሆነ፣ ያ ለዚያ ስፋት ሲካፈል ከዚያም ለ3.14 ሲካፈል 47 ይሆናል፣ በቂ ነው። «ስክሪኑ ይተልቅ» ተብሎ 8 ሜትር ሲደረግ ግን ስፋቱ 36 ካሬ ሜትር ይሆንና ብርሃኑ ወደ 26 ይወርዳል። አምፖሉ አርጅቶ ግማሽ ብርሃኑን ካጣ 13። የሌሊት ትዕይንት ሁሉ ጥቁር ይሆናል፤ በመጋረጃው ቀዳዳ ፀሐይ ከገባ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ከዚህ ይደምቃል፤ ሰዉ ታዲያ ለምን ይከፍላል? አዲስ ፕሮጀክተር ከመግዛት በፊት መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ መሸፈንና ስክሪኑን ወደ 6 ሜትር መመለስ ርካሹ ጥገና ነው።

ዋጋ

ዋጋ ይጨመር የሚለው ወገን ግሽበቱን ይጠቅሳል፣ ልክም ነው። ነገር ግን የተመልካቹ ኪስም በዚያው ግሽበት ተመትቷል። የተማሪ ኪስ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይመናመናል። ባዶ ወንበር ናፍጣ አይቆጥብም፤ ጀነሬተሩ ለ40 ሰውም ለ400ም ያንኑ ያህል ይጠጣል። ስለዚህ ጥያቄው የአንዱ ትኬት ዋጋ ሳይሆን የዙሩ ድምር ነው።

100 የነበረውን ወደ 60 ያወረደ አዳራሽ የድሮውን ገቢ ለማግኘት ሰው በ67 በመቶ መጨመር አለበት፤ 50 ሰው የነበረው ከ84 በታች ከሆነ ከስሯል። ይህ በግምት የሚታወቅ አይደለም፣ በሙከራ ነው። የሥራ ቀን የ8 ሰዓቱን ዙር ብቻ 60 አድርጉት፣ የቅዳሜና እሁዱን አትንኩት፤ ስድስት ሳምንት ያዙት፤ በሌሎቹ ዙሮች ፊልሙም ሰዓቱም አይቀየር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዋጋ፣ ሰዓትና ፊልም በአንድ ሳምንት አብረው ሲለወጡ ነው፤ ሰው ቢጨምርም ቢቀንስም በምን ምክንያት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ከተማውን እየዞረ የሚያስነግረውም በዚያ ጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱን ሳምንት አስነግሮ ሌላውን ዝም ማለት ራሱ ሙከራውን ያፈርሰዋል።

የኛ ግምት የሥራ ቀኑ ዋጋ መውረድ፣ የቅዳሜና እሁዱ መውጣት እንዳለበት ነው። ተማሪና ሴቶች በቀን ይመጣሉ፤ ማታና በበዓል የሚመጣው ደሞዝተኛና ነጋዴ ደግሞ ስለ 20 ብር ልዩነት ሳይሆን ስለ ምስሉና ስለ መቀመጫው ነው የሚጨነቀው።

የጾምና የፋሲካ ወር

ሙከራው መቼ ይጀመር ለሚለው የዘመን አቆጣጠራችን ከባድ ወጥመድ አለው። ጎጃም ጾም የሚያከብር አገር ነው፤ በሁዳዴ 55 ቀን ሠርግም ዘፈንም ይቆማል፣ አዲስ ፊልምም የሚጠበቀው ለፋሲካ ነው። ፋሲካ በ2015 ሚያዝያ 8 ዋለ፤ ከዚያ ወር 23 ቀን ፍስክ ነበር። በ2016 ሚያዝያ 27 ዋለ፤ ፍስኩ ከወሩ ውስጥ 4 ቀን ብቻ ነበር። የሁለቱን ሚያዝያ ያወዳደረ ሰው፣ ሌላ ምንም ችግር ባይኖር እንኳ፣ ተመልካቹ ጠፋ ማለቱ አይቀርም። በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑ ይህን አያድንም። መፍትሔው ወርን ከወር ሳይሆን ከፋሲካ በፊት ያለውን 8 ሳምንት ከሌላው ዓመት 8 ሳምንት፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውን 8 ከሌላው 8 ማወዳደር ነው።

በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ በ2019 ሚያዝያ 24 ነው። የስድስት ሳምንቱ የዋጋ ሙከራ በዳግም ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ተጀምሮ ከሰኔ ፈተና በፊት ማለቅ ያለበት ነው፤ በ2018 ለዚህ በቂ ቦታ አለ፣ በ2019 ግን ፈተናው ላይ ይወድቃልና ወደ ጥቅምትና ኅዳር ቢዛወር ይሻላል፤ ያውም የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መነሣት ያስፈልጋል። የትኬት ጥራዙ በየቀለሙ እንዲታተም የሚታዘዘውም ከዚያ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ፣ በመስከረም መጀመሪያ ነው።